ለተኩስ ሥልጠና መሣሪያንና ጥይትን ማዘጋጀት፦ መንከስንና መክሸፍን የሚቀንስ የአሠራር መመሪያ

በተኩስ ሥልጠናዎች ላይ በረዳት አሠልጣኝነት ስለምሠራ ከሠልጣኞች በየጊዜው የሚቀርብልኝ ጥያቄ በአነጋገር ይለያይ እንጂ በፍሬ ነገሩ አንድ ነው፦ «ለብቻዬ ስለማመድ አንድም ቀን ያላስቸገረኝ ሽጉጥ እዚህ ሲደርስ ለምን ነከሰ?» መልሱ በአብዛኛው ከሥልጠናው ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ለብቻው የሚለማመድ ሰው 50 ጥይት ያህል ተኩሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሥልጠና ላይ ግን በአንድ ቀን 300 ወይም 400 ጥይት ይተኮሳል፤ መሣሪያው ሳይቀዘቅዝ እንደገና ይጎርሳል፣ ዘይቱ ይደርቃል፣ ጥላሸት ይከማቻል፣ ጥይት የሚሞላባቸው ካዝናዎችም አሸዋና ጠጠር ላይ ይወድቃሉ። በ50 ጥይት ውስጥ ተሸሽጎ የሚያልፍ ጉድለት በ400 ጥይት ውስጥ መሸሸጊያ አያገኝም።

መመሪያው የተዘጋጀው በሕጋዊ ፈቃድ፣ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳና በአሠልጣኝ ሥር ለሚሠለጥን ሰው ነው። ምሳሌዎቹ በብዛት ራሱን በራሱ ስለሚያጎርስ ሽጉጥ ቢሆኑም ለጠመንጃም ይሠራሉ። በጽሑፉ ውስጥ «ነከሰ» ስል ጥይት ወይም ቀለሃ መንገድ ላይ ተይዞ መሣሪያው መሥራት ማቆሙን፣ «ከሸፈ» ስል ምላጩ ተስቦ ጥይቱ አለመፈንዳቱን ማለቴ ነው። «አረር» ከአፈሙዝ የሚወጣው ክፍል ነው፤ «ፕራይመር» ደግሞ በቀለሃው ቂጥ መካከል ያለችው፣ መቺው መርፌ ሲያገኛት ባሩዱን የምታቀጣጥለው ክብ ቆብ ናት።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንድ ዓላማ አለው። መሣሪያ ሲያቆም ጥፋቱ ያለው ከአራቱ በአንዱ ነው፦ በመሣሪያው፣ በካዝናው፣ በጥይቱ ወይም በተኳሹ። ዝግጅቱ በሚገባ ከተሠራ ከየትኛው እንደመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል፤ ካልተሠራ ግን ቀኑን ሙሉ በግምት ሲለዋውጡ ይውላሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መሣሪያው ራሱና የአምራቹ የአጠቃቀም መመሪያ
- ቢያንስ 3 ካዝና፤ 5 ወይም 6 ቢሆን ይመረጣል
- ሥልጠናው የሚጠይቀው ጥይት፣ በላዩ ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ ተጨማሪ
- የመሣሪያ ዘይት፣ የበርሜል መወልወያ ዘንግና ብሩሽ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ
- የማይለቅ ማርከር፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ
- ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ የማይኮማተር ጠንካራ አፎት፣ የማይላላ ቀበቶና የካዝና መያዣ
- የዓይን መከላከያ መነጽርና የጆሮ መከላከያ
- የኤሌክትሮኒክ ማነጣጠሪያ ካለ ተለዋጭ ባትሪና ብሎኑን የሚያጠብቅ መፍቻ
- አጠራጣሪ ጥይት የሚቀመጥበት፣ በጉልህ የተጻፈበት ክዳን ያለው ትንሽ ሣጥን
- ካሊፐር (የጥይትን ርዝመትና ውፍረት በትክክል የሚለካ መሣሪያ)፤ ከሌለ ይለፉት

የጆሮ መከላከያን ነገር አቅልለው አይመልከቱት። የአብዛኞቹ የጦር መሣሪያዎች ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ አንድ ተኩስ ብቻውን የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ይችላል። ጣሪያ ባለው የተኩስ ሜዳ ድምፁ ስለሚያስተጋባ ጆሮ ውስጥ የሚገባውንና ከላይ የሚደፋውን ደርቦ ማድረግ ይሻላል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚነበብ ማስጠንቀቂያ

መሣሪያ በሚመረመርበት ክፍል ውስጥ አንድም እውነተኛ ጥይት አይኑር። ባዶ መሆኑን ሲያረጋግጡ ቅደም ተከተሉን አያፋልሱ፦ አፈሙዙን አደጋ ወደማያስከትል አቅጣጫ ያዙሩ፣ ጣትዎን ከምላጩ ያርቁ፣ መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፣ ቀጥሎ መቀርቀሪያውን ወይም ስላይዱን (በሽጉጥ ላይ ወደኋላና ወደፊት የሚንሸራተተውን የላይኛውን ክፍል) ወደኋላ ስበው ክፍት አድርገው ይያዙ፣ በመጨረሻም ጥይት የሚጎርስበትን ጉሮሮ በዓይንዎ ይዩ፣ በትንሽ ጣትዎም ይዳስሱ። ካዝናውን ሳያወጡ አስቀድመው ስላይዱን ከሳቡ በጉሮሮው ያለው ጥይት ይወጣና ስላይዱ ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ይተካበታል፤ ከዚያ ካዝናውን አውጥተው «ባዶ ነው» ያሉት መሣሪያ ጎርሶ ይቀራል። በስህተት ከተተኮሱ መሣሪያዎች መካከል ብዙዎቹ በዚህ መንገድ «ባዶ» የተባሉ ናቸው።

ደረጃ 1፦ የመሣሪያውና የጥይቱ ጽሑፍ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ

በመሣሪያው ላይ የተቀረጸውን የጥይት ዓይነት፣ በጥይቱ ሣጥን ላይ ከታተመውና በቀለሃው ቂጥ ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር ጎን ለጎን ያንብቡ። «ዘጠኝ ሚሊሜትር ነው» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም። 9×19 እና 9×18 ሚሊሜትር (የፊተኛው ቁጥር የአረሩ ውፍረት በግምት፣ የኋለኛው የቀለሃው ርዝመት ነው) ስማቸው ቢቀራረብም የመጀመሪያው አረር ውፍረት 9 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የሁለተኛው 9.27 ነው፤ አንዱ በሌላው መሣሪያ አይተኮስም። በ7.62 ስም የሚጠሩት 7.62×39፣ 7.62×51 እና 7.62×54 የተሰኙት ጥይቶችም እንዲሁ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አልገባም ብሎ የሚመለስ የተሳሳተ ጥይት ጉዳቱ ጊዜ ማባከን ብቻ ነው። አደገኛው መግባት በማይገባው ቦታ የሚገባው ነው። 300 ብላክአውት የሚባለው የጠመንጃ ጥይት ከ5.56×45 ጋር አንድ ዓይነት ካዝና ስለሚጋራ በ5.56 ጠመንጃ ውስጥ ሊጎርስ ይችላል፤ ሲተኮስ ወፍራሙ አረር በጠባቡ በርሜል አያልፍምና ጠመንጃው ይፈነዳል። የ20 ጌጅ የሾትገን ጥይትም (ጌጅ የሾትገን በርሜል ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ በርሜሉ ይሰፋል) በ12 ጌጅ በርሜል ውስጥ ተንሸራቶ ወደፊት ይቀረቀራል፤ ከኋላው የ12 ጌጅ ጥይት ገብቶ ሲተኮስ ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጥይት በአንድ ቦርሳ ውስጥ፣ በተለይም በአንድ ኪስ ውስጥ፣ አይያዙ።

ደረጃ 2፦ ሁሉንም በቁጥር ይለዩ

በእያንዳንዱ ካዝና መቀመጫ ላይ በማርከር 1፣ 2፣ 3 እያሉ ይጻፉ፤ የስምዎን መነሻ ፊደልም ያክሉበት፣ ምክንያቱም በሥልጠና ላይ የ12 ሰው ካዝና አንድ መሬት ላይ ይወድቃል። በጥይቱ ሣጥን ላይ ያለውን የምርት ዙር ቁጥር በማስታወሻ ደብተርዎ ይመዝግቡ። ለመሸከም እንዲቀል ሁሉንም ጥይት ከሣጥን እያወጡ በአንድ ከረጢት የሚያፈሱ ሠልጣኞች ብዙ ናቸው፤ የሁለት አምራቾች ወይም የሁለት የምርት ዙሮች ጥይት ከተቀላቀለ በኋላ ግን ከየትኛው እንደከሸፈ ማወቅ አይቻልም፣ አምራቹ አንድን የምርት ዙር ሲሰበስብም የራስዎን መለየት አይችሉም።

ይህ ደረጃ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ቢሆንም በመመሪያው ውስጥ በብዛት የሚዘለል ደረጃ እርሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ጥይቱን አንድ በአንድ ይመርምሩ

ጥይቶቹን ከመሣሪያው ርቀው በብርሃን ላይ በነጭ ጨርቅ ያፍስሷቸው። በመጀመሪያ ቂጣቸው ወደ ላይ ሆኖ ያቁሟቸውና ፕራይመሮቹን ይዩ፤ ከዚያም በጣትዎ ጫፍ በስሱ ይዳስሷቸው። ፕራይመር ከቀለሃው ቂጥ ጋር እኩል ወይም በጥቂቱ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ጎላ ብሎ የወጣ፣ የተዛነፈ ወይም የተገለበጠ ካለ ወደ አጠራጣሪው ሣጥን ያስገቡት። ጎላ ብሎ የወጣ ፕራይመር በመጀመሪያው ምት ሊከሽፍ ይችላል፣ ምክንያቱም የመርፌው ኃይል ፕራይመሩን ወደ ቦታው ለመግፋት ይባክናል።

ቀጥሎ በጎናቸው አንከባሏቸው። የተጨረመተ ወይም የተሰነጠቀ ቀለሃ፣ አረንጓዴ ዝገት፣ በጣት ሲነካ የሚነቃነቅ አረር ያለበትን ይለዩ። ከጓደኞቹ ይልቅ አረሩ ወደ ቀለሃው የሰመጠውን ጥይት በተለይ ይፈልጉ። አረር የሚሰምጠው አንድ ጥይት ደጋግሞ ሲጎርስና ሲወጣ ነው፤ ሽጉጣቸውን ማታ አራግፈው ጠዋት ያንኑ ጥይት የሚያጎርሱ ሰዎች በወራት ውስጥ ሳያውቁት ያሰምጡታል። አረሩ ሲሰምጥ ለባሩዱ የቀረው ቦታ ስለሚጠብ ሲተኮስ የሚፈጠረው ግፊት ከመጠን በላይ ይጨምራል። የ9×19 ጥይት ሙሉ ርዝመት ከ29.69 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፤ ትክክለኛው ርዝመት ግን እንደ አረሩ ቅርጽ ስለሚለያይ ከዚህ ቁጥር ጋር ሳይሆን ከዚያው ሣጥን ከወጣ አዲስ ጥይት ጋር አቁመው ያነጻጽሩት። በዓይን የሚታይ ልዩነት ካለ አይተኩሱት።

በመጨረሻም መሣሪያውን በሌላ ክፍል ፈተው በርሜሉን ብቻ ወደ ጥይቶቹ ያምጡ፣ ጉሮሮው ወደ ላይ ይሁን፤ ጥቂት ጥይቶችን በየተራ ይጣሉበት። ደህና ጥይት በራሱ ክብደት «ጧ» ብሎ ይቀመጣል፣ በጣት ሲሽከረከር ይዞራል፣ በርሜሉ ሲገለበጥ ያለ ግፊት ይወድቃል። ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም ካለ ወይ ጥይቱ ተበላሽቷል ወይ ጉሮሮው ቆሽሿል፤ ጉሮሮውን ወልውለው ይድገሙት፣ አሁንም ከቆመ ጥፋቱ የጥይቱ ነው።

በቤት ውስጥ እንደገና የተሞላ ጥይት ይዘው ከመምጣትዎ በፊት አሠልጣኙን ይጠይቁ፤ ብዙ ሥልጠናዎች የሚቀበሉት ከፋብሪካ የወጣውን ብቻ ነው። ማግኔት የሚስበውን ጥይትም ብዙ የተኩስ ሜዳዎች አይቀበሉም፣ ምክንያቱም ብረት ያለበት አረር የብረት ኢላማንና አረር ማስቆሚያውን ይጎዳል፣ የእሳት ፍንጣሪም ያስነሳል። ይህንን የተኩስ ሜዳው በር ላይ ከመስማት አስቀድሞ በስልክ መስማት ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ያጽዱ፣ ይመርምሩ፣ ዘይት ይቀቡ

መሣሪያውን የአምራቹ መመሪያ በሚፈቅደው መጠን ብቻ ይፍቱ። በርሜሉንና ጉሮሮውን ይወልውሉ። ቀለሃውን ከጉሮሮ የሚጎትተውን ጥፍር በሥሩ በኩል በጥርስ ብሩሽ ያጽዱ፤ እዚያ የሚጠጣጠር ጥላሸት ጥፍሩ የቀለሃውን ከንፈር በሚገባ እንዳይነክስ ስለሚያደርገው የተተኮሰው ቀለሃ በጉሮሮ ውስጥ ይቀራል። የመመለሻውን ሞላ ይዩ፤ ሞላ ዕድሜ አለው፣ የሚለወጥበት የጥይት ብዛትም በአምራቹ መመሪያ ውስጥ ይገኛል።

ዘይት የሚቀባው ብረት ከብረት ጋር የሚፋተግበት ቦታ ነው፦ የስላይዱ ሐዲድ፣ የበርሜሉ ውጫዊ ገጽ፣ በጠመንጃ ላይ ደግሞ የመቀርቀሪያው መንሸራተቻ። በመቀርቀሪያው ዙሪያ ጣትዎን ሲያሳልፉ ርጥበቱ ሊታይ ይገባል። ጉሮሮው፣ የመቺው መርፌ መተላለፊያና የካዝናው ውስጥ ግን ደረቅ ይሁኑ። በመርፌው መተላለፊያ የገባ ዘይት ከጥላሸት ጋር ተለውሶ ምቱን ያለዝበዋል፤ ካዝና ውስጥ የገባ ዘይት ደግሞ አቧራ ይሰበስባል፣ ወደ ፕራይመሩም ሰርጎ ጥይቱን ሊያከሽፈው ይችላል።

የጠመንጃዎ ጥይት የቆየ የወታደር ክምችት ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ። የአንዳንዶቹ ፕራይመር ሲቃጠል ጨው ይተዋል፤ ጨው ከአየር ርጥበት እየሳበ በርሜሉን በአንድ ሌሊት ሊያዝገው ይችላል። ጨውን ዘይት አያሟሟውም። በመጀመሪያ በሙቅ ውኃ ይጠቡ፣ በሚገባ ያድርቁ፣ ከዚያ በኋላ ዘይት ይቀቡ።

ደረጃ 5፦ ካዝናዎቹን ለየብቻቸው ይፈትኑ

ራሱን በሚያጎርስ መሣሪያ ላይ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ካዝና ነው። እያንዳንዱን ፈትተው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ጥይቱን ከላይ አቅፈው የሚይዙት ሁለት ጠርዞች አለመጣመማቸውን፣ አለመሰንጠቃቸውን፣ ከሌሎቹ ካዝናዎች ይልቅ አለመከፈታቸውን ይዩ። እነዚህ ጠርዞች ጥይቱ በምን ማዕዘን ወደ ጉሮሮው እንደሚሄድ ስለሚወስኑ ትንሽ መጣመም ይበቃል። ጥይቱን የሚገፋውን ሰሌዳ በእርሳስ ተጭነው ይልቀቁት፤ ሳይጎረብጥ መመለስ አለበት።

ባዶውን ካዝና አስገብተው ስላይዱን ሲስቡ ስላይዱ ወደኋላ ተይዞ መቅረት አለበት፤ ካልቀረ የካዝናው ሞላ ደክሟል ወይም ሰሌዳው ተበልቷል። ጥይት የሞላውን ካዝና ስላይዱ በተዘጋ መሣሪያ ውስጥ ማስገባት የሚፈተነው ግን በተኩስ ሜዳ ነው፦ ከታች በመዳፍ ገፍተው ካስገቡ በኋላ ወደታች ሳብ ያድርጉት። ሙሉ በሙሉ የታጨቀ አዲስ ካዝና ብዙ ጊዜ «የገባ» መስሎ ሳይያዝ ይቀራል፤ መጀመሪያ ሲተኮስ ወይ ይወድቃል ወይ ሁለተኛውን ጥይት አያቀብልም። መፍትሔው አንድ ጥይት ቀንሶ መሙላት ነው።

ደረጃ 6፦ ከሥልጠናው በፊት በተመሳሳይ ጥይት ይተኩሱ

ሥልጠናው ከመድረሱ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ወደ ሥልጠናው ከሚወስዱት ጥይት 200 ያህል በሁሉም ካዝናዎች እያፈራረቁ ይተኩሱ። መሣሪያውን መሀል ላይ አያጽዱ፣ ዓላማው በቆሸሸ ጊዜ የሚሆነውን ማየት ነውና። ሁለት ሳምንት የተባለውም ጉድለት ቢገኝ ሞላ ወይም ካዝና ለመለወጥና ፈተናውን ለመድገም ጊዜ እንዲኖር ነው።

ለየት ያለ ጥይት፣ ለምሳሌ አፉ ክፍት የሆነ አረር ያለው፣ የሚይዙ ከሆነ እርሱም ይፈተን፤ ክብ አፍንጫ ያለውን እንደ ውኃ የሚያሳልፍ መሣሪያ አፈ ክፍቱን መግቢያው ላይ ሊነክስ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ከፈተናው በኋላ ምንም አይለውጡ

ፈተናውን ያለፈ መሣሪያ ላይ አዲስ ምላጭ፣ አዲስ ሞላ ወይም አዲስ ማነጣጠሪያ አይግጠሙ። ከገጠሙ ደረጃ 6ን ከመጀመሪያው ይድገሙ። የማነጣጠሪያው ብሎኖች በአምራቹ በተጠቀሰው ልክ መጥበቃቸውን አረጋግጠው ከብሎኑ ራስ እስከ አካሉ ድረስ በቀለም አንድ ቀጭን መስመር ያስምሩ፤ መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ እየላላ መሆኑን በዕረፍት ሰዓት በአንድ አፍታ ያያሉ።

ጥይቱን በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ፣ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ለቀናት አይተዉት። ለልምምድ የሚውለው ባዶ አምሳያ ጥይት ከእውነተኛው ፈጽሞ የተለየ ቀለም ይኑረው፣ በሌላ ቦርሳም ይቀመጥ።

ደረጃ 8፦ በሥልጠናው ቀን

ጠዋት ላይ የማነጣጠሪያውን መብራት ያብሩ፣ አፎቱን ይፈትሹ። የጃኬት ማጥበቂያ ገመድ ወይም የሸሚዝ ጫፍ አፎቱ ውስጥ ገብቶ ምላጩን ሊስብ ስለሚችል ሽጉጡን ሲመልሱ በዓይንዎ እያዩና በዝግታ ይሁን። በምሳ ዕረፍት፣ አሠልጣኙ መሣሪያ መንካት በሚፈቅድበት ቦታ ብቻ፣ ሐዲዱ ላይ ጥቂት ጠብታ ዘይት ይጨምሩ። መሬት የወደቀ ካዝና አሸዋው ሳይራገፍ እንደገና ጥይት አይሞላበት።

ደረጃ 9፦ መሣሪያው ሲያቆም

በዚህ ደረጃ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ።

ሠልጣኝ በመጀመሪያ የሚማረው የማስለቀቂያ ዘዴ ካዝናውን ከታች መምታት፣ ስላይዱን በኃይል ስቦ መልቀቅና መተኮሱን መቀጠል ነው። ዘዴው በአብዛኛው ትክክል ነው። ከሁሉ ይበልጥ አደገኛ የሚሆንበት ግን አንድ ጊዜ አለ፤ ያም ተኩሱ ከወትሮው ያነሰ ድምፅ ሲያሰማ ነው። ባሩድ ያልተሞላበት ወይም በቂ ያልሆነበት ጥይት በፕራይመሩ ኃይል ብቻ አረሩን በርሜሉ ውስጥ ገፍቶ ይተወዋል። ድምፁ «ፑፍ» የሚል ነው፣ ርግጫውም ከወትሮው ያነሰ ወይም ጨርሶ የማይሰማ ነው። ግፊቱ ደካማ ስለሆነም ስላይዱ ብዙ ጊዜ ወደኋላ አይሄድም፤ ለተኳሹ መሣሪያው የነከሰ ይመስለዋል። የሠለጠነው እጅ መትቶና ስቦ አዲስ ጥይት ሲያጎርስ፣ አዲሱ አረር በተደፈነ በርሜል ውስጥ ይተኮሳል። በርሜሉ ያብጣል ወይም ይፈነዳል።

በአንድ የፈጣን ተኩስ ልምምድ ላይ ከአንድ ሠልጣኝ ግራ ቆሜ ሳለሁ በጆሮ መከላከያዬ በኩል ያቺን ድምፅ ሰማሁ። ወጣቱ ካዝናውን መትቶ ስላይዱን ለቆ ነበር፤ ጣቱ ወደ ምላጩ ሲሄድ «አቁም!» ብዬ ጮኽኩ። ሽጉጡን አራግፈን በርሜሉን ስናወጣው አረሩ ከጉሮሮው አራት ጣት ያህል ርቆ ተቀርቅሮ አገኘነው። ወጣቱ ምንም ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ የተማረውን በትክክል ፈጽሟል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦

ሀ. መጀመሪያ ጆሮዎን ይጠይቁ። ድምፁ ወይም ርግጫው ከወትሮው ያነሰ ከሆነ ጣትዎን ከምላጩ አውጡ፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞሩ «አቁም» ብለው አሠልጣኙን ይጥሩ። መሣሪያው ተራግፎ በርሜሉ ከወጣ በኋላ ከኋላ በኩል ብርሃን እያበሩ ይመልከቱ። በርሜሉ በማይወጣ መሣሪያ ላይ ከአፈሙዙ ዘንግ አስገብቶ ማየት ይቻላል። የተቀረቀረውን አረር በሌላ ጥይት ተኩሶ ለማስወጣት ፈጽሞ አይሞክሩ።

ለ. ምላጩ ተስቦ «ቀጭ» ብቻ ካለ፣ ጥይቱ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ከልምምዱ ውጭ ሲሆኑ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዙ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ያውጡት። በልምምድ መሀል ወዲያው ማውጣት ወይም መጠበቅ የሚለውን አሠልጣኙ ከመጀመሩ በፊት ይናገር፤ ካልተናገረ ይጠይቁ።

ሐ. የከሸፈውን ጥይት ሳይጥሉት ፕራይመሩን ይዩ። መሀሉ ላይ ጥልቅ የምት ምልክት ካለ መሣሪያው ሥራውን ሠርቷልና ጥርጣሬው ወደ ጥይቱ ይሂድ። ምልክቱ በጥፍር የተነካ ያህል ስስ ከሆነ በመርፌው መተላለፊያ ያለ ቆሻሻን፣ የደከመ ሞላን ወይም ሙሉ በሙሉ ያልተዘጋ ስላይድን ይጠርጥሩ። ምንም ምልክት ከሌለ ጥይቱ ምናልባት ጨርሶ አልተመታም።

መ. የተተኮሰው ቀለሃ በመውጫው መስኮት ላይ እንደ ጭስ ማውጫ ቆሞ ከተያዘ፣ ወይ መሣሪያው ደርቋል፣ ወይ ጎታቹ ጥፍር ቆሽሿል፣ ወይ የተኳሹ አያያዝ ላልቷል። ቀላል ሽጉጥ በላላ የእጅ አንጓ ሲያዝ አካሉም አብሮ ወደኋላ ስለሚሄድ ስላይዱ ሙሉ ጉዞውን አይጨርስም። ለመለየት አሠልጣኙ በዚያው ሽጉጥና በዚያው ካዝና ይተኩስ፤ ለእርሱ ከሠራ ጥፋቱ ከአያያዝ ነው።

ሠ. ሁለት ጥይት በአንድ ጊዜ ከተገፋፋ መምታትና መሳብ ያባብሰዋል። ስላይዱን ወደኋላ ቆልፈው ካዝናውን ነቅለው ያውጡ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ስበው ያራግፉ፣ ከዚያ በሌላ ካዝና ይቀጥሉ። የወጣውን ካዝና ቁጥር ይያዙ።

ረ. የመጨረሻው ጥይት ካለቀ በኋላ ስላይዱ ክፍት ሆኖ ካልቀረ፣ ካዝናውን ከመወንጀልዎ በፊት የአውራ ጣትዎን ቦታ ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ስላይዱን ክፍት አድርጎ የሚይዘውን ማቆሚያ ተጭኖ የሚገኘው እርሱ ነው።

ደረጃ 10፦ ይመዝግቡ፣ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ

እያንዳንዱ ማቆም በደብተሩ ላይ አንድ መስመር ይያዝ፦ ስንተኛው ጥይት ገደማ፣ የካዝናው ቁጥር፣ የምርት ዙሩ ቁጥር፣ የሆነው ነገር። ለምሳሌ «140፣ ካዝና 3፣ ሁለት ጥይት ተገፋፋ»፣ «212፣ ካዝና 3፣ ሁለት ጥይት ተገፋፋ» ተብሎ ከተጻፈ ካዝና 3ን ወደ ቦርሳ መልሰው ይቀጥሉ። ችግሩ ከካዝና ወደ ካዝና የሚዘዋወር ከሆነ ጥይቱን ይለውጡ፤ ከጥይት ለውጥ በኋላም ካልተወገደ ወደ መሣሪያው ይምጡ። ካዝናውን፣ ጥይቱንና ዘይቱን በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ችግሩ ቢወገድለት እንኳ የትኛው እንዳስወገደው አያውቅም፤ ሰኞ ያው ካዝና ተመልሶ ይገባል።

የተለመዱ ስህተቶች

- በዋዜማው ማታ መሣሪያውን ፈትቶ ሲያጸዱ አንድ ክፍል አዛብቶ መግጠምና ሳይተኩሱ መምጣት። ገጥመው ከጨረሱ በኋላ ያለ ጥይት የአሠራር ፍተሻ ያድርጉ።
- የከሸፈን ጥይት ከመሬት አንሥቶ ካዝና ውስጥ መመለስ። ወደ አጠራጣሪው ሣጥን ይግባ፣ በዕለቱ መጨረሻ ለተኩስ ሜዳው ኃላፊ ይሰጥ። ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም።
- አዲስ መሣሪያ ከፋብሪካ ሣጥኑ አውጥቶ በቀጥታ ወደ ሥልጠና ማምጣት። ለማከማቻ የተቀባው ቅባት ለተኩስ አይሆንም።
- የሚመክሩት ሁለት ጎረቤት ተኳሾች ስለተስማሙ ብቻ የመመለሻውን ሞላ በጠንካራ ሞላ መለወጥ። ደካማ ጥይት ጠንካራ ሞላን ገፍቶ ስላይዱን እስከ መጨረሻው አይወስደውም።
- ተለዋጭ መሣሪያ ሲይዙ በካዝናም በአፎትም ከመጀመሪያው የማይስማማ መያዝ። ዋናው ሲበላሽ ቀበቶውም ካዝናውም አብረው ይለወጣሉና ግማሽ ሰዓት ይባክናል።
- በተኩስ መሀል በጥላሸት በተለወሰ እጅ መብላትና መጠጣት። በጥላሸቱ ውስጥ እርሳስ አለ፤ እጅና ፊት በሳሙናና በውኃ ሳይታጠቡ ምግብ አይንኩ፣ የሥልጠናውንም ልብስ ከሌላው ለይተው ይጠቡ።

ከሜዳው ከመውጣትዎ በፊት መሣሪያውን በማስጠንቀቂያው ክፍል በተነገረው ቅደም ተከተል ያራግፉ፣ ከዚያም የሱሪዎን ኪሶች፣ የጃኬትዎን ኪሶችና የቦርሳዎን ሥር አንድ በአንድ ገልብጠው ይፈትሹ። ከ400 ጥይት መሀል አንዷ ሁልጊዜ የሆነ ኪስ ውስጥ ትቀራለች፤ የምትገኘውም ወይ በልብስ ማጠቢያ ውስጥ ወይ በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ ነው።